ለኦሽቪየንቺም ምኩራብ ባለውለታዎች

ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጋር ወደ ፖላንድ ስትጓዝ እኔም አብሬያት እንድሄድ የረዳችሁኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገንዘብ ያዋጣችሁ እዚህ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ የሥራ ጓደኞቼ፣ ውለታችሁ አለብኝ።

ከሁሉ በላይ ግን የማያውቁኝን ሰዎች ማመስገን እፈልጋለሁ። በፖላንዷ ኦሽቪየንቺም ከተማ ያለችውን ትንሽ ምኩራብ መልሰው ያቆሙትን።

አውሽዊትዝን፣ ናዚዎች አይሁድን የጨረሱበትን ካምፕ፣ የማያውቅ የለም። ከካምፑ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችውን ከተማ ግን ማን ያስታውሳታል? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ አይሁድ ነበሩ። ምኩራቧ እ.ኤ.አ. በ1913 ገደማ ተሠራች። ናዚዎች ትልቁን ምኩራብ አቃጠሉት፤ ይቺን የጥይት መጋዘን አደረጓት። ከእልቂቱ የተረፉ ጥቂቶች ተመልሰው ጸለዩባት፤ እነሱም አንድ በአንድ ሄዱ። በኮሚኒስቶቹ ዘመን ደግሞ የምንጣፍ መጋዘን ሆነች። ከጥይት ይሻላል መቼስ!

በ1998 ለአይሁድ ማኅበረሰብ ተመለሰች። ፍሬድ ሽዋርትዝ የሚባሉ የኒውዮርክ የእንስሳ ፀጉር ካፖርት ነጋዴ ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት ታድሳ በ2000 ተከፈተች። በዚያው ዓመት የከተማዋ የመጨረሻ አይሁዳዊ፣ ሽሞን ክሉገር፣ አረፉ። ቤታቸው እዚያው አጠገቧ ነው፤ አሁን ካፌ ሆኗል።

ታዲያ ማን ሊጸልይባት ታደሰች? የመጣ ሁሉ ይጸልይባታል። የኛ ልጆችም ጸለዩ።

አጠገቧ ካለው ሙዚየም ልጄ ሀበርፌልድ የሚባል የከተማዋ አይሁዳዊ ቤተሰብ የመጠጥ ፋብሪካ ጠርሙሶችን አየች። "እማዬ፣ እነዚህም አረቄ ያወጡ ነበር?" አለችኝ። ከካምፑ ከወጣን ወዲህ መሳቋ ያኔ ነው። ሞታቸውን ስታይ ውላ፣ ገበያቸውንና ግብዣቸውን ደግሞ እዚህ አየች። በ2004 ከትልቁ ምኩራብ ፍርስራሽ ሥር ተቆፍረው የወጡት መቅረዞችም አሉ። እኔ ከነሱ ፊት ብዙ ቆየሁ።

እናቴ የአምቦበር፣ የጎንደር ቤተ እስራኤል መንደር፣ ልጅ ናት። እነሱም የጸሎት ቤታቸውን ጎንደር ትተው ነው ወደ እስራኤል የመጡት። የነሱ መንገድ ሌላ ነው፤ የሚነጻጸርም አይደለም። ፎቶውን ሳሳያት ግን ስለ ግንቡም ስለ ዘመኑም አልጠየቀችኝም። "ማነው የሚጠርጋት?" ነው ያለችው።

የከተማዋ ሰዎች ናቸው፣ እማ። ለእነሱም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ትምህርት ቤታችንንም አደራ እላለሁ፤ ጊዜ አጠረ ብላችሁ ይቺን ምኩራብ ከፕሮግራሙ እንዳታወጧት።