ባዝ ቦምቡ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ

ሰላም ውድ አባላት፣

የባዝ ቦምቡን፣ ማለትም የመታጠቢያ ገንዳ ውሃ ውስጥ ሲጨመር አረፋ እየደፈቀ የሚሟሟውን ኳስ፣ አሠራር ላኪልን ላላችሁኝ ይኸው። መጀመሪያ ግን የተበላሸብኝን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ውሃ በማንኪያ ጨመርኩ። ገና ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ እያለ አረፋ ደፍቆ ገነፈለ። ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ ውሃ ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፤ ያ አረፋ መውጣት ያለበት ገንዳው ውስጥ ነው። በሁለተኛው ቀን ውሃ ፈርቼ በጣም አደረቅሁት። ከቅርጹ ሳወጣው ፍርክስክስ አለ።

በሦስተኛው 2 ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 ኩባያ ሲትሪክ አሲድና 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የኮኮናት ዘይት አደረግሁ። በውሃ ፈንታ የፋርማሲ አልኮል፣ ከእሳት ርቄ፣ ጥቂት ጥቂት እየረጨሁ አሸሁት። ስትጨብጡት እንደ እርጥብ አሸዋ ከያዘ በቃው። እባካችሁ ጓንት አድርጉ፤ ሲትሪክ አሲድ የተቧጨረ እጅ ክፉኛ ያቃጥላል።

ዝናብ ሲውል አትሥሩ፣ እርጥብ አየር ብቻውን ያሳብጠዋል። አንድ ቀን ይድረቅና አየር በማያስገባ ዕቃ ክደኑት።

ገንዳ የሌላችሁም አትቅሩ። ግማሹን ሳፋ ውስጥ በሞቀ ውሃ ለእግር ጨምሩት። ቆሜ ስውል እኔ እንዲያውም የምወደው ይሄንን ነው።

ቅዳሜ ስንገናኝ ቅርጾቹን ይዤ እመጣለሁ።