ልጁን ተዉት፣ እኛም በሽርጥ ነው የነዳነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ የወጣውን ደብዳቤ አነበብኩት። ጸሐፊው ቦሌ አካባቢ አንድ ወጣት ጉርድ ቀሚስ ለብሶ፣ ከላይ ጃኬት ደርቦ፣ ስኒከር ተጫምቶ ሲሄድ አይተው በጣም ተናደዋል። «የሀበሻ ወንድ እንዲህ ለብሶ አያውቅም» ይላሉ። ፖሊስ አይቶ ዝም ማለቱም አስገርሟቸዋል።

መናደድ መብታቸው ነው። «አያውቅም» ያሉትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ኮምቦልቻ ተቀምጬ ጡረታዬን የምበላ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በደርግ ጊዜ ነው። በፊት የአሰብ መስመር ሠራሁ። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞርን። ታዲያ ባቲን አልፌ ቆላውን ስይዝ ሱሪዬን አወልቅና ሽርጤን አገለድማለሁ። ሽቅብ ስመለስ እንደገና ሱሪ። የኔ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ከሹፌር እስከ ረዳት የመስመሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር። ዛሬም ብዙው እንዲሁ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የድሮዋን የጭነት መኪና፣ ኤንትሬን፣ የሚያውቅ ያውቃታል። ሞተሯ ጋቢናው ውስጥ ነው፣ ሹፌሩና ረዳቱ መሀል። ከውጭ የአፋር በረሃ 40 ዲግሪ ያልፋል። ከጎንህ ደግሞ ሞተሩ ይነድዳል። ሱሪ ለብሰህ ከሚሌ ሎጊያ ብትነዳ ጭንህ በላብ ተልጦ፣ ስትወርድ እንደ ዳክዬ ነው የምትራመደው። ሽርጥ ግን ነፋስ ያስገባል። ማታ ከመኪናው ሥር ስትተኛ አንሶላ ይሆናል። ጠዋት ስትታጠብ ፎጣ ነው። ልብስ ማለት ይሄ ነው እንጂ!

ሎጊያ ሻይ ቤት ስትገባ ሱሪ የለበሰው ነው የሚታየው፣ እንግዳ ስለሆነ። የአገሬው ወንድ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጊሌውን፣ ያን ቆልማማ ቢላዋውን፣ ወገቡ ላይ ታጥቆ ቁጭ ብሏል። ጸሐፊው ወኔ ካላቸው እሱን ሄደው «ይሄ የሴት ልብስ ነው» ይበሉት። እኔ ግን አብሬ አልሄድም። የአፋር ሰናፊልን ያየ ደግሞ ሌላም ነገር ያስተውላል። በባህሉ ወንዱም ሴቷም ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙት አንድ ዓይነት ጨርቅ ነው። የወንዱ ነጭ ነው፣ የሴቷ በዛፍ ልጥ ተነክሮ ቡናማ ሆኗል። ልዩነቱ ቀለሙ ነው።

እዚሁ አጠገባችን ባቲም አለ። ሰኞ ገበያ ውጡና እዩ። ግመል የሚያሻሽጠውም ፍየል የሚነዳውም ብዙው ወንድ ሽርጥ ነው ያገለደመው። ጅቡቲ ስትገቡም እንደዚያው፣ ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከመው ጎልማሳ ሁሉ ባለ ሽርጥ ነው። በሱማሌ ወገኖቻችን ዘንድም የአባወራ ልብስ ነው። በተቃራኒው ሐረር ግቡ። ጀጎል ውስጥ የከተማዋ እናቶች ከቀሚሳቸው ሥር ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበብ የሚል ሱሪ መልበስ የቆየ ባህላቸው ነው። ሱሪ የወንድ፣ ሽርጥ የሴት የሚለው ሕግ እንግዲህ ከየት እስከ የት ነው የሚሠራው? ከአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ውጭ የሚሠራ አይመስለኝም።

ጸሐፊው ዘዳግም 22፥5ን ጠቅሰዋል። ወንድ የሴት ልብስ አይልበስ፣ ሴትም የወንድ አትልበስ ይላል፣ ልክ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ። ጥቅሱ ግን የትኛው የማን እንደሆነ ዘርዝሮ አላስቀመጠም። የንስሐ አባቴ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚወርድ ቀሚስ ለብሰው ነው የሚባርኩኝ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ብርድ ሲሆን የባለቤቴን ጋቢ ሳብ አድርጌ እለብሳለሁ። የምትቆጣኝ ስለሚበርዳት ነው።

አሁን «አንተ ለሙቀት ነው፣ ልጁ ለፋሽን ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ቦሌ ላይ በረሃ የለም። ልጁ ሆን ብሎ፣ እንዲታይለት ነው የለበሰው። እና ምን ይሁን? ወጣት ለመታየት ካልለበሰ ማን ሊለብስ ነው? እኛ በጊዜያችን እግሩ እንደ ድንኳን የሰፋ ሱሪ ለብሰን፣ ጠጉራችንን አፍሮ አጎፍረን አልነበረም? ለነገሩ እኔ የልጁ ልብስ ብዙም አልማረከኝም። ከጉርዱ ጋር ያ ሁሉ ጃኬት ምን አመጣው።

በ1960 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ተማሪዎች በተቃውሞ አወኩት። የጊዜው ንዴት በሴቶች ልብስ ነበር፣ ሚኒ ስከርት የምዕራብ ብክለት ነው ተብሎ። የእናቴ ንዴት ደግሞ በሱሪ ነበር። እህቴ ሱሪ ለብሳ ከደሴ የመጣች ዕለት እናቴ «ይህቺ ማናት?» ብላ እጇን አልዘረጋችላትም። ዛሬ ልጄ በሱሪ ቢሮ ገብታ በሱሪ ትወጣለች፣ ጎረቤት ቀና ብሎም አያያት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ አለቀ።

ፖሊስ ይግባበት የሚለው ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። መንግሥት ልብስ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል የእንግሊዝን ታሪክ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1746 የስኮትላንድ ደጋ ወንዶች ያን ባለ መስመር ጉርዳቸውን እንዳይለብሱ በሕግ ተከለከሉ። ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰር ነበር፣ ከደገመ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። በ1782 ሕጉ ተሻረ። ዛሬ ስኮትላንዳዊ ሙሽራ በዚያው ጉርድ ይዳራል፣ ወታደሩም በሰልፍ ላይ ይለብሰዋል።

ደብዳቤው ውስጥ በሾርኒ የተጣለ ነገርም አለ። ልጁ «ምን ዓይነት ሰው» እንደሆነ ከልብሱ ይታወቃል ይላሉ። አይታወቅም። በሽርጥ ሲነዱ ከኖሩ ጓደኞቼ ውስጥ ስምንት የወለደ አለ፣ ያልወለደም አለ። ደግ አለ፣ ሌባ አለ። ልብሱ አንዱንም አልነገረኝም። እንዲህ ዓይነት ሾርኒ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን መንገድ ላይ ድንጋይ ለማንሳት የሚጠብቅ ጎረምሳ አይጠፋም። አዘጋጁ ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ብዕር ካነሳሁ አይቀር የራሴንም ጉዳይ ልጨምር። የእህቴ ልጅ አሁን በጅቡቲ መስመር ይነዳል። የሚሠራበት ድርጅት፣ ስሙን ልተወው፣ ሹፌር በሥራ ላይ ከረጅም ሱሪ ሌላ እንዳይለብስ ከልክሏል። ቁምጣም አይቻልም። ጋላፊ ድንበር ላይ በሽርጥ ተገኝቶ ከደሞዙ ተቆርጦበታል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ዶቢ ሜዳ ላይ ጎማ ቀይሮ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ፈረንሳይ ናንት ከተማ የአውቶቡስ ሹፌሮች ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ አልፎ እንኳ ቁምጣ ሲከለከሉ፣ ሴት ባልደረቦቻቸው ጉርድ ስለተፈቀደላቸው እነሱም ጉርድ ለብሰው ሥራ ገቡ። ድርጅቱ አፍሮ ቁምጣ ፈቀደ። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ2013 የባቡር ነጂዎች ይህንኑ አድርገዋል። የኛ ሹፌሮች ደግሞ የሚፈልጉት ልብስ ሻንጣቸው ውስጥ አለ፣ መስመሩም ያውቀዋል። የሚቀረው መመሪያውን ማስተካከል ብቻ ነው። የትራንስፖርት ድርጅቶች ከሚሌ ወዲያ ላለው መንገድ ሽርጥና ቁምጣ ይፍቀዱ።

የቦሌውን ልጅ ባገኘው የምነግረው የሙያ ምክር ነው። ከውስጥ ሁልጊዜ ቁምጣ ልበስ፣ በተለይ ነፋስ ካለ። ከከፍታ ስትወርድ ጀርባህን ለሰው ሰጥተህ አትውረድ። ሽርጥ ከሆነ ደግሞ ጫፉን ወገብህ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው፣ አንዴ ብቻ የጠቀለለ ረዳት ኬላ ላይ ምን እንደደረሰበት አይቻለሁ። ኪስ ስለሌለው ብርህን ጥቅልሉ ውስጥ አድርገው። ሳንቲም ግን አታድርግ፣ ይንሸራተታል።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የአሰብና የጅቡቲ መስመር ሹፌር
ኮምቦልቻ