ከጎርፉ በኋላ ላልተለያችሁን ሁሉ

ሰላም ቤተሰብ! በዛጎል ያጌጡ የኮሪያ የእንጨት ዕቃዎች ዐውደ ርዕያችን ትናንት በሰላም ተዘጋ። ዕቃችንን ያበላሸውን ጎርፍ አልደግመውም፤ ፎቶውን አይታችሁታል። ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው።

መጀመሪያ እማማ የምላቸውን አስተማሪዬን። የደቡብ ኮሪያዋ ቶንግዮንግ ተወላጅ ናቸው፤ የድሮው የኮሪያ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈር በ1604 እ.ኤ.አ. ከተተከለባት ወዲህ የእጅ ባለሙያ ያልጠፋባት ከተማ። ውሃው ሲጎድል የኔ ሶባን (ለአንድ ሰው ምግብ የሚቀርብባት አጭር ገበታ ናት፣ እንደኛ መሶብ ብዙ እጅ አይገባባትም) ጌጧ ረግፎ ዛጎሉ ጭቃ ውስጥ ተበትኖ ነበር። እኔ በቃ ብዬ ተውኩት። እሳቸው ጭቃውን በወንፊት አጣሩት። በወንፊት እኮ ነው የምላችሁ!

ከዚያ ቁጭ አሉ። ክር የምታህለውን የዛጎል ስንጥር በጥፍር ጫን፣ በቢላ ጫፍ ቀጭ፣ ቀጥሎ ሌላ። ከጌጡ አንዷ ቅጠል ብቻ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። የለቀቀው ሙጫው ነው፤ ከእንስሳ ቆዳ ስለሚሠራ ውሃ አይችልም። የሚቀባው የዛፍ ሙጫ፣ ኦት የሚሉት፣ ደግሞ የባሰበት፦ እርጥበት ካላገኘ አይደርቅም። እኔ እርጥበት የሚባል ነገር ስሙን መስማት አስጠልቶኝ፣ እሳቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ «ጥሩ ነው፣ ለኦቱ ይስማማዋል» ይሉኛል። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ቀቡ፣ አደረቁ፣ በከሰል አለሰለሱ፣ ደግመው ቀቡ። ኦቱ ቆዳዬን አሳክኮ ፊቴ ሲያብጥ ቅባት ይዘው የመጡትም እሳቸው ናቸው፣ ያውም ወገባቸውን እያመማቸው። የተማሪውን ዕቃ ሁሉ ሲጠግኑ የራሳቸው ትልቁ ቁምሳጥን እስካሁን አልተነካም። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከሴኡል ድረስ መጥታችሁ ጭቃ የጠረጋችሁ ሐበሾች፣ ጎረቤቶች፣ የክፍሌ ልጆች፣ ከአዲስ አበባ የደወላችሁ፣ ሁላችሁም ክበሩልኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል «ቃኘው!» ብለው (ኮሪያ የዘመተውን የኛን ሻለቃ ማለታቸው ነው) እጄን አልለቅ ያሉት አዛውንትም እንዲሁ፤ ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ሄዱ።

ያልጠቀስኳችሁ አትቀየሙኝ። ማን ምን እንዳመጣ የጻፍኩበት ደብተር ራሱ ረጥቦ ግማሹ አይነበብም።

በነገራችን ላይ ቅዳሜ የእማማን ቁምሳጥን ወደ አዲሱ ወርክሾፕ እናዞራለን። ከባድ ነው፣ በሩም ጠባብ ነው። ፒካፕ ያለው በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ ጉልበት ያለውም ቢመጣ ምሳ አለ።