የዋሽንግተን በረራ ስንት ሰዓት ነው ለምትሉን ደንበኞቻችን

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ሰሞኑን ቢሮም እየመጣችሁ በቴሌግራምም "ኢንተርኔቱ ከቦሌ ዋሽንግተን 13 ሰዓት ይላል፣ የእናንተ ትኬት ግን ሌላ ነው፣ ትራንዚት ጨመራችሁብን እንዴ" የምትሉን ስለበዛችሁ ለሁላችሁም አንዴ እንመልስ ብለን ነው። አልጨመርንም።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት (ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር የምታምታቱ አላችሁ፣ ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት እባካችሁ እዩት) በአየር ቀጥታ ሲለካ ወደ 11,560 ኪሎሜትር ነው። የኢንተርኔቱ ካልኩሌተሮች ይሄን ለአውሮፕላን ፍጥነት፣ በሰዓት 900 ኪሎሜትር አካባቢ ማለት ነው፣ ያካፍሉና 13 ሰዓት ብለው ቁጭ። የቦሌን ከፍታና ንፋሱን የት ያውቁታል።

ቦሌ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰውና የእናንተን በርበሬና ሽሮ አንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል፣ ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል፣ በዛ ላይ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከምዕራብ የሚመጣው የላይኛው ንፋስ ፊት ለፊት ነው የሚገጥመው። ሲመለስ ግን ደለስ 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ንፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፣ ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል።

ማረፊያው በየጊዜው ይቀያየራል፣ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት የአየርላንዷን ደብሊንን ነው። "እዛ ድረስ ምን አዞረው" ላላችሁን፣ ካርታ ላይ ነው ሩቅ የሚመስለው እንጂ መሬት ክብ ስለሆነች አጭሩ መስመር ራሱ ፖርቱጋል ላይ ነው የሚያልፈው፣ በደብሊን ሲኬድ የሚጨምረው 270 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጊዜ የሚበላው መውረዱ፣ ነዳጅ መቅዳቱና መልሶ መነሳቱ ነው።

ደግሞ የሚያሳስታችሁ የትኬቱ ሰዓት ነው። መነሻም መድረሻም የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው፣ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። ለምሳሌ በክረምት ከቦሌ 22:15 ተነስቶ በነጋታው 8:15 ደለስ ቢደርስ ወረቀቱ ላይ 10 ሰዓት ይመስላል፣ የ7 ሰዓት ልዩነቱ ሲደመር 17 ነው። ሲመለስ ደለስን 11:00 ለቆ በማግስቱ 7:00 ቦሌ ከገባ ደግሞ 20 ይመስላል፣ ሲቀነስ 13 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ አጭር የሚመስለው ረጅሙ ነው ማለት ነው! አሜሪካኖቹ በህዳር መጀመሪያ በፈረንጆቹ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ ልዩነቱ 8 ይሆናል፣ የኛ ንቅንቅ አይልም።

ከሁሉም የሚብሰው እኩለ ሌሊት ነው። ትኬቱ "ሐሙስ 00:40" ካለ በኛ አቆጣጠር ረቡዕ ለሐሙስ ሌሊት 6:40 ነው፣ ኤርፖርት የምትሄዱት ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ አስጭኖ የሄደ ደንበኛ አለን፣ አውሮፕላኑ ሄዶ አድሯል።

ስለዚህ ሰዓቱ ግራ የገባችሁ ትኬቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፣ መነሻውንም መድረሻውንም በሀበሻ ሰዓት ጽፈን እንመልስላችኋለን፣ ደለስ ለሚቀበሏችሁ ዘመዶች ደግሞ የነሱን ሰዓት ለብቻ እንጽፍላችኋለን። ለዚህ አናስከፍልም።

ከትኬት ቢሮው ልጆች