ወደ ታክስ ሥራ ልትመለስ ነው አሉ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው?

ከበዓል መልእክት በቀር በወጉ ከተጨዋወትን ቆየን። አንተ ወደ ኩባንያ ሒሳብ ሥራ ከገባህ ወዲህ የእኔ ጥድፊያና የአንተ ዓመት መዝጊያ እየተገጣጠመ ተጠፋፋን። ሰሞኑን አንድ የጋራ ወዳጃችን "ሥራውን ሊለቅ ነው፤ የራሱን የታክስ ቢሮ ሊከፍት ነው" አለኝ። ደስ አለኝ። ትንሽም ሰጋሁ። ሕጉ ይከብድሃል ብዬ አይደለም፤ ሕጉን አንብበህ ትደርስበታለህ። እኔ የፈራሁልህ ደንበኛውን ነው።

በፎርም ብዙ አላደክምህም። አንተ ከታክስ ሥራ ስትወጣ እዚህ አሜሪካ የኮንትራት ሠራተኛ ገቢ 1099-ሚስክ በሚባለው ፎርም ቦክስ 7 ላይ ነበር የሚገባው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ 1099-ኤንኢሲ የሚባል የራሱ ፎርም አለው። በነፍስ ወከፍ ይቀነስ የነበረው ፐርሰናል ኤግዘምፕሽንም ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል። የቀረውን ሶፍትዌሩ ያስታውስሃል።

የደንበኛው ጥያቄ ግን አንዳንዱ ንቅንቅ አላለም። "እናቴን በየወሩ የምጦራት እኔ ነኝ፤ ለምን ታክሴ ላይ አላስገባትም?" ዛሬም አለ። የላከበትን ደረሰኝ በፖስታ አድርጎ ይመጣል። እናትየው የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑና አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮም ካልኖሩ ዲፔንደንት (ታክሱ ላይ የሚመዘገብ ጥገኛ) አይሆኑም። የላከው ብርም ስጦታ ነው፤ አይቀነስም። ሜክሲኮ የምትለዋ ቃል ስትወጣ ግን ሰውየው ይቆጣል። "የሜክሲኮዋ እናት ከእኔ እናት በምን ትበልጣለች?" ለዚህ መልስ የለኝም። ሕጉ ነው ብዬ አልፋለሁ።

አዲሱ ጥያቄ የኦቨርታይም ነው። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ከወጣ ወዲህ ሁሉም "ኦቨርታይም ታክስ የለበትም ተብሏል" እያለ ይገባል። የሚቀነሰው ግን ከመደበኛው በላይ የተከፈለችው ጭማሪ ብቻ ናት። በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ ሰው ለኦቨርታይሙ 30 ቢከፈለው የምትቆጠረው 10ሯ ነች። እሷም ለአንድ ሰው እስከ 12,500 ዶላር ነው። ሶሻል ሴኪዩሪቲና ሜዲኬር (የጡረታና የጤና መዋጮው) እንደሆነ መቆረጡን አልተወም። ይህን ሳስረዳ ፊቱ ይጠቁራል። "ጓደኛዬ ግን ሙሉውን ነው ያስቀነሰው" ይላል።

ይቺ "ጓደኛዬ ግን" የምትለዋ ናት ሥራችንን የምታከብደው። ያው ደመወዝ፣ ያው የልጅ ቁጥር፣ የጓደኛው ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) ግን እጥፍ። ወረቀቱን ሲያሳዩኝ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወይ ያልነበረ ንግድ በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ፎርም) ከስሯል፣ ወይ አንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለቱም ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ብቻውን ቤተሰብ የሚያስተዳድር) ሆነው ገብተዋል። ታክስ ሠሪው የሚፈርምበት ቦታም ባዶ ነው። ከ2018 ወዲህ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድም 8867 (ታክስ ሠሪው ደንበኛውን አጣርቶ መጠየቁን የሚያረጋግጥበት ፎርም) ላይ ተጨምሯል። አጣርተህ ካልጠየቅክ ለእያንዳንዱ ጉድለት ቅጣቱ ከ600 ዶላር በላይ ነው፣ የሚቀጣውም ደንበኛው ሳይሆን አንተ ነህ። አንድ ሪተርን (የዓመቱ የታክስ ማስታወቂያ) ላይ ፎርሙ የሚያጣራቸው አራቱም ነገሮች ካሉ አራት ጊዜ ሊቆጠርብህ ይችላል። ስለዚህ እጠይቃለሁ፣ የመለሰልኝን በራሱ አነጋገር እጽፋለሁ፣ ቀን አደርግበታለሁ። "ፖሊስ ሆንክብኝ እንዴ?" ያለኝ አለ። ይበል።

የራይድሼር ሹፌሮች ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ሆኗል። አንተ ስትወጣ ጥቂት ነበሩ። አሁን ብዙው ደንበኛዬ በመኪናው ወይ ሰው ወይ ምግብ ያመላልሳል። ኩባንያው የሚልክለት 1099-ኬ የሚባል ፎርም ላይ 50 ሺህ ዶላር ያይና "ይሄ ብር እጄ አልገባም" ይልሃል። እውነቱን ነው። ፎርሙ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ሙሉ ሒሳብ ነው፤ ኩባንያው የቆረጠው ድርሻ ውስጡ አለ። ሙሉውን ገቢ ታደርግና የተቆረጠውን ስኬጁል ሲ ላይ ወጪ ታደርገዋለህ። እጁ የገባውን ብቻ ጻፍ ቢልህ እሺ አትበል፤ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ዘንድ ያለው ቁጥር 50 ሺህ ነው።

ከዚያ ለሥራ የነዳውን ማይል ትጠይቀዋለህ። "አንተ ታውቀው የለ፣ የአምናውን ጻፋ" ይላል። በ2025 አንድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር፤ 30 ሺህ ማይል ማለት 21 ሺህ ዶላር ተቀናሽ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በግምት አልጽፍም። የአፑን ሪፖርት አምጣ፣ ዘይት ያስቀየርክበትን ደረሰኝ አምጣ፣ እዚያ ላይ የኦዶሜትሩ ቁጥር አለ እለዋለሁ። እያጉረመረመ ይሄዳል። አንዳንዱ ሲያመጣው ከገመተው በልጦ ያገኘዋል፣ ያኔ እንታረቃለን። ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ (በግል የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው) ላይ እንደገና እንጣላለን። "ገቢዬ ትንሽ ነች፣ ምንም አይደርስብኝም" ብሎ ለተቀመጠ ሰው 15.3 በመቶ ድንጋጤ ነው። የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ እኮ ይመለከተዋል።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ 1099-ኬ ከ600 ዶላር ጀምሮ ይላካል ሲባል፣ ሲራዘም፣ እንደገና ሲራዘም ከርሞ ያው የ2025ቱ ሕግ ወደ ድሮው መለሰው፦ ከ20 ሺህ ዶላር በላይና ከ200 ግብይት በላይ። ደንበኛው ከዚህ የሚሰማው "ከ20 ሺህ በታች ታክስ የለም" የሚለውን ነው። ፎርም አለመምጣቱና ገቢ አለመኖሩ ለየቅል ናቸው ብዬ ስንቴ እንደተናገርኩ!

የቢሮውን ጣጣ በአጭሩ ልንገርህ። ደንበኛው ደብሊው-2ን (አሠሪው የሚሰጠውን የደመወዝ ማስረጃ) በዋትስአፕ ፎቶ አንስቶ መላክ ለምዷል፣ ያውም ጥጉ ተቆርጦ። አንተ ፖርታል (ሰነድ የሚላክበት የተጠበቀ ድረ ገጽ) ይኑርህ። የመረጃ ጥበቃ እቅድህን በጽሑፍ አዘጋጅ፤ ብቻህን ብትሠራም ግዴታ ነው። 8879 (ሪተርኑ በኤሌክትሮኒክስ እንዲላክ የሚፈረምበት ፎርም) ላይ "ሥራ ላይ ናት፣ ለእሷም እኔ ልፈርም" የሚል ባል አይጠፋም። አይፈርምም። ሲፒ2000 የሚባለው የአይአርኤስ ደብዳቤ (ያስገባኸውና እኛ ያለን ቁጥር አልገጠመም የሚለው) ሳይከፈት ይከርምና ቀኑ ካለፈ በኋላ ጠረጴዛህ ላይ ይወድቃል። ኤክስቴንሽን እስከ ኦክቶበር 15 የሚያራዝመው ፎርሙን ማስገቢያ ነው፤ ክፍያው ግን ኤፕሪል 15 ነው። ይህን ቀድመህ በጽሑፍ ስጣቸው፣ በቃል የተነገረውን ማንም አያስታውሰውም።

ይሄ ሁሉ ይለመዳል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው የሚከብደው ሌላ ነው። ደንበኛው "ተወው፣ ሌላ ቦታ አሠራዋለሁ" ብሎ ሲወጣ "እኔ ብቻ ነኝ እንዴ እንዲህ የማከርር?" ትላለህ። የምታማክረው ሰው ከሌለ በሁለተኛው ደንበኛ ላይ ትላላለህ። ድሮ ጎን ለጎን ስንሠራ አንተ አንገትህን ብቅ አድርገህ "እስቲ ይሄንን ስማኝ" ትል ነበር፤ እኔም እንደዚሁ። ያ ነገር እንደ ቀልድ ብዙ ሥራ ይሠራልን ነበር። እንመልሰው። ታዲያ እንደ ድሮው ስም የለም፣ የሥራ ቦታ የለም፣ ሰውየውን የሚያሳውቅ ነገር የለም። የደንበኛን መረጃ ያለ ፈቃዱ ማውጣት በታክስ ሕጉ ሴክሽን 7216 እስከ አንድ ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው።

እስቲ አሁኑኑ ልጀምርልህ። የአይቲን (ITIN፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ለማያገኝ ሰው የሚሰጠው የታክስ ቁጥር) ነገር ያንተ ሙያ ነበር። ግሪን ካርድ ያላት ሴት ናት። ባሏ ውጭ አገር ነው፣ አሜሪካ ኖሮ አያውቅም፣ ቁጥርም የለውም። ልጅም ሆነ ሌላ የምታስገባው ጥገኛ የላትም፣ ስለዚህ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ የሚባል ነገር የለም። በጋራ ላስገባ ትላለች። ያ ከሆነ እሱን እንደ ነዋሪ ለመቁጠር ሁለቱ የፈረሙበት መግለጫ ይያያዛል፣ ደብሊው-7 (የአይቲን ማመልከቻው) ይሞላል፣ የእሱም የዓለም ገቢ በሙሉ ይገባል። ሰውየው ነጋዴ ነው፤ ሒሳቡን ስትጠይቀው "ደህና ነው" ብቻ ነው የሚላት። እንደ ነዋሪ የመቁጠሩ ምርጫ አንዴ ከተሻረ ደግሞ ዳግመኛ አይገኝም። እኔ ዘንድሮ ለብቻዋ ታስገባ፣ ሒሳቡ ሲጠራ በሦስት ዓመት ውስጥ በ1040-ኤክስ (በማረሚያው ፎርም) ወደ ጋራ እንቀይረዋለን ብያታለሁ። እሷ ግን ሪፈንዱን ዘንድሮ ትፈልገዋለች። አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ? ማታ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፣ ደውል።