አውሬ አያስፈራሽም ወይ ላልሽኝ

ውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እናትሽ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ከተጻጻፍን ስንት ዘመን ሆነን! ኑሮ አንቺንም እኔንም በየፊናችን ይዞን ነጎደ። ዝምታው ከልብ እንዳልነበር ግን እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወሬዬ ልግባ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ “ተራራ ላይ ድንኳን ተክለሽ ስታድሪ አውሬ አያስፈራሽም ወይ?” ብለሽኝ ነበር። በቅርቡ ከባሌ ተራሮች ተመለስኩ። ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ፣ የአካባቢውን ሰው መንገድ መሪ አድርጌ፣ ከዲንሾ ተነስቼ በወይብ ሸለቆ በኩል እስከ ሳነቴ አምባ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያም ወደ ሐረና ጫካ ወረድኩ። አሁን መልስ አለኝ።

የመጀመሪያው እንስሳ ገና መንገድ ሳልጀምር ነው የተቀበለኝ። ዲንሾ፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ ማለዳ ከድንኳኔ ስወጣ አንድ ወንድ የደጋ አጋዘን ዛፉ ሥር ቆሟል። ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ ወጥቷል፣ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ነጭ መስመር አለው። እዚያ አካባቢ ያሉት ሰው ስለለመዱ አይሸሹም። አየኝ፣ ማመንዠኩን ቀጠለ። ይህን የሚያክል እንስሳ በሳይንስ ተመዝግቦ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል። ከኢትዮጵያ ውጪም የትም የለም።

ዋናው ነገር ግን ሳነቴ ላይ ነው።

ሳነቴ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዛፍ የለውም፤ እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ሌሊት ውሃው በረዶ ይሠራል። ትንሽ ሽቅብ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል። እኔ ደግሞ ታውቂኝ የለ፣ ቶሎ ቶሎ ልራመድ፣ ቶሎ ልድረስ ባይ ነኝ። መንገድ መሪዬ ይህን አይቶ፣ “እየሄድሽ ከሆነ እንስሳቱ ናቸው የሚያዩሽ፤ ማየት ከፈለግሽ ተቀመጪ” አለኝ። ነፋሱ ፊታችንን እንዲመታን አድርገን ከአንድ አለት ሥር ተቀመጥን።

ምንም የለም። ቆየን። ከዚያ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቆ አፈሩ ተነቃነቀ። ጭንቅላት ብቅ አለ። ግዙፉ ፍልፈል ነው! ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ ገላውን ሳያወጣ ዙሪያውን እንዲቃኝ። የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጪ ተገትረዋል። ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ የኋላ እግሩን ከጉድጓዱ ሳይነቅል፣ አጠገቡ ያለውን ሣር ይነጫል። አፉን ይሞላና የኋሊት ይገባል። እንደገና ይወጣል። አንዲት ቡናማ ወፍ እግሩ ሥር እየዘለለች፣ እሱ አፈር ሲገለብጥ ብቅ የሚሉትን ትላትሎች ትለቅማለች። እሱም በሷ ይጠቀማል፤ እሷ ከደነገጠች እሱም ያውቃል። ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም።

ድንገት ወፏ ብር አለች። ፍልፈሉ ጠፋ።

ቀና ስል ቀይ ቀበሮ ቆሟል።

ፎቶ ላይ አይተሽው ይሆናል፤ ፎቶው ግን ምንም አይነግርሽም። ቅላቱ በዚያ ግራጫ ሜዳ ላይ ያበራል። አንገቱ ሥር ነጭ ነው፣ እግሩ ረጅምና ቀጭን፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር። ጉድጓዱ ላይ መጥቶ ጆሮውን ወደ መሬት አዘነበለ። አዳመጠ። ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ። እዚያ ግን አረማመዱ ተለወጠ። ድመት አይጥ ላይ ስታደባ እንደምታደርገው ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም። ከዚያ ተወረወረ። አፈር በነነ። ቀና ሲል ፍልፈሉ በአፉ ነበር።

ያኔ ነው ያየን። ለአፍታ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ነገሬም ሳይለኝ አደኑን ይዞ መንገዱን ቀጠለ። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። በዓለም ላይ ካሉት ከ500 የማይበልጡ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች አንዱ ነው ፊቴ ቆሞ ምሳውን የያዘው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚያው ባሌ ነው።

የሚገርመው፣ ለአደን ብቻውን ይውጣ እንጂ ብቸኛ አይደለም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቤተሰቡ ሲገናኝ አየሁ። እየተሯሯጡ፣ እያለቃቀሱ፣ አፍ ለአፍ እየተሻሹ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ በሰልፍ ክልላቸውን ለመቃኘት ሄዱ።

ጅብስ? ካልሽኝ፣ አዎ፣ ጅብ ፈራሁ። ወይብ ሸለቆ ባደርንበት ሌሊት ድምፁ ከሩቅ ጀመረና ቀረበ። ስሊፒንግ ባጌ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን ስቆጥር አነጋሁ። ግን ምግባችን ድንኳን ውስጥ አልነበረም፤ ርቆ፣ ተዘግቶ ነው የተቀመጠው። ፍርፋሪም አልጣልንም። ሌሊት ስንወጣ መብራት ይዘን፣ ተጠራርተን ነው። ጅቡ እኛን ሳይሆን ሽታን ነው የሚከተለው፤ ሽታ ካላገኘ ያልፋል። አለፈም።

እህቴ፣ ከልቤ ያስደነገጠኝ ግን አውሬ አይደለም። ውሻ ነው።

ቀይ ቀበሮውን ባየንበት ሜዳ ማዶ ሁለት የእረኛ ውሾች እየሮጡ መጡ። እኔን አልነኩኝም። የፈራሁት ለቀበሮው ነው። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ አንድ ቀበሮ ከነከሰ፣ ያ አፍ ለአፍ የሚሳሳም ቤተሰብ አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ወይብ ሸለቆ ውስጥ ይህ ደርሶ በሸለቆው የነበሩት አብዛኞቹ አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2014ም ተመልሶ መጥቷል። እረኞቹ ላይ አልፈርድም። ከብታቸውን ከጅብ የሚጠብቅላቸው ውሻ ነው፣ ያለ ውሻ አያድሩም። መፍትሔው ክትባት ነው። ውሾቹ ይከተባሉ። ለቀበሮዎቹም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ይቀርብላቸዋል። ይህን ስሰማ ያን ብርድ ችለው በጨለማ ሥጋ ለሚያድሉት ሰዎች ያለኝ አክብሮት ወሰን አጣ። ሥራቸው ለአንድ ዓመት እንኳ መቋረጥ የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ማንም ቢከራከረኝ አልሰማውም።

ስለ ሐረና ብዙ አልጽፍልሽም። ከሳነቴ ቁልቁል ስትወርጂ ዓለሙ ተለውጦ ጭጋግና ሽበት የመሰለ ነገር ያንጠለጠለ ዛፍ ይሆናል። አንበሳ አለበት፤ እኔ አላየሁም። የባሌን ጦጣ ግን ቀርከሃ መሐል ቅጠል ስትበላ አይቻታለሁ።

ስለዚህ መልሴ ይኸው፦ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ፍርሃት ግን የሚያስቀር አይደለም። ነይ፣ አብረን እንሂድ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ ይመቻል። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እናድራለን፣ ሰውነትሽ ከፍታውን ይልመድ፤ ራስ ምታቱ ከጠናብሽ ወዲያው እንወርዳለን። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ፈልጊ፣ የተረፈውን ዕቃ እኔ አሟላለሁ። ያ ውሻሽ ደህና ነው? የዘንድሮ ክትባቱን ወስዷል? እሱን ትተሽው ነው የምትመጪው፤ ፓርክ ውስጥ ውሻ ይዞ መግባት አይቻልም። ፈቃድ የምታገኚበትን ወር ቶሎ ጻፊልኝ፣ ከመንገድ መሪው ጋር ቀኑን ልቁረጥ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ፣
ጓደኛሽ