የሒሳብ ክበብ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በቀለም

ክበቡ ዘንድሮ ኦክቴቭ በተባለ የሒሳብ ፕሮግራም የስሪዲ (ባለ ሦስት አቅጣጫ) ግራፎችን ቀለም ሲያለብስ ከርሟል። ኦክቴቭ በነጻ ይገኛል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ትእዛዞቹም ማትላብ ከተባለው የሚከፈልበት የሒሳብ ፕሮግራም ብዙ አይለዩም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሜሽግሪድ (የነጥብ መረብ የሚሠራ)፣ ሰርፍ (ገጹን የሚስል)፣ ከለርማፕ (የቀለም ዓይነት የሚመርጥ) እና ከለርባር (የቀለሙን መለኪያ የሚያሳይ) የተባሉትን ትእዛዞች በኮርቻ ቅርጽ ፋንክሽን በመለማመድ አለፈ፤ ብዙ የሚተረክለት አይደለም።

ቁም ነገሩ የመጣው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት፣ ግራፉ ወደ ደሴ ዙሪያ መሬት ሲዞር ነው። መረጃው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው ከፍታ ነው። ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ፋይል 1201 ረድፍና 1201 ዓምድ ሲኖረው፣ በነጥቦቹ መካከል 90 ሜትር ገደማ አለ። ሙሉው ስለሚከብድ ከ961ኛው እስከ 1201ኛው ረድፍ፣ ከ721ኛው እስከ 961ኛው ዓምድ ተቆርጦ ተወሰደ፤ ሁለቱም ከተሞች እዚያ ውስጥ ናቸው። ፋይሉ የተጻፈው በረድፍ፣ ኦክቴቭ የሚያነበው በዓምድ ነውና ትራንስፖዝ ማድረግ (ረድፉን ከዓምድ ማቀያየር) የረሳ ሰው በዚያው ቁጥር የሚቆርጠው ከሐይቅ ከተማ በስተምሥራቅ ያለውን አገር ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ሥዕል ጥቁር ነው። ሰርፍ በእያንዳንዱ ካሬ ጠርዝ ጥቁር መስመር ያሰምራል፤ 240 በ240 ካሬ ሲሆን መስመሩ ቀለሙን ይውጠዋል። «ሼዲንግ ኢንተርፕ» ሲታዘዝ መስመሩ ይጠፋል።

ከዚህ የባሰው ራዳሩ ያላየው ቦታ ነው፤ በፋይሉ −32768 ተብሎ ይመዘገባል። ኦክቴቭ ቀለሙን ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ ስለሚደለድል፣ እንዲህ ያለ አንድ ነጥብ ብቻ ቢኖር ከ256ቱ ቀለሞች እያንዳንዱ 140 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ደሴ 2500፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ያ ሁሉ ቁልቁለት በአምስት ቀለም ያልቃል፣ አምስቱም ለዓይን አንድ ናቸው። ስለዚህ ከመሳል በፊት −32768 ሁሉ በ«ናን» (ቁጥር የለም ማለት ነው) ይተካል፤ ቦታው ባዶ ይቀራል። ሁለት ሥዕል የሚያወዳድር ደግሞ የቀለም ወሰን በሚሰጠው ትእዛዝ በ«ሲአክሲስ» ለሁለቱም አንድ ወሰን ይስጥ፤ አለዚያ ያው ቀለም እዚህ 1900፣ እዚያ 2400 ሜትር ይሆናል።

ተማሪው የሚወደው ጄት የተባለውን ባለ ቀስተ ደመና ቀለም ነው። ያምራል፣ ግን ያሳስታል። ቢጫው ከሌሎቹ ቀለሞች ይልቅ ስለሚያበራ መሬቱ እኩል እያዘቀዘቀ ሳለ መሃሉ ላይ እርከን ያለ ያስመስላል፤ በፎቶኮፒ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊውና ጥቁር ቀዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ማትላብም እ.ኤ.አ. በ2014 ጄትን ከነባሪነት (ሌላ ካልተመረጠ በራሱ ከሚመጣ ቀለምነት) አንሥቶታል። ቪሪዲስ የተባለው ሌላው የቀለም ዓይነት ግን ከጨለማ ወደ ብርሃን ሳያቋርጥ ስለሚሄድ በጥቁርና ነጭ ኅትመትም ይነበባል።

ሰርፍ አራተኛ ማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) መቀበሉን ብዙዎች አያውቁም፤ መጠኑ ከከፍታው ማትሪክስ ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ ቅርጹ ከፍታን፣ ቀለሙ ተዳፋትን ማሳየት ይችላል። የመሬት መንሸራተት ለሚያሰጋት ደሴ ይህኛው ሥዕል ይበልጥ ይጠቅማል። ተዳፋቱ የሚገኝበት «ግራዲየንት» ሲሰላ ታዲያ የነጥቦቹ ርቀት 90 ሜትር መሆኑ ይነገረው። ካልተነገረው 1 ሜትር አድርጎ ይወስደዋል፤ በሁለት አጎራባች ነጥቦች መካከል 20 ሜትር ልዩነት ካለ 12 ዲግሪ ተኩል መሆን የሚገባው ተዳፋት 87 ሆኖ ይወጣል፣ ከተማውም በሙሉ የገደል ቀለም ይለብሳል።